መብረቅ የገባበት ቤት

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ አሮጊቷ። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጁ ኃላፊ፣ «እማማ፣ ይህን ሁሉ አገልጋይ አስመርቀን እየላክን፣ ምእመኑ ክፉ ቀን ሲመጣበት ለምን ወደ ቃልቻ ይሮጣል?» ብሎ ጠይቋቸው ነው።

ሰውዬው የገበሬ ልጅ ነው። የመንደሩ ምእመናን መርቀው ሸኙትና ከተማ ሄዶ ተማረ። ድሮ የባሕር ማዶ ሊቃውንት የተከራከሩበትን ሁሉ አጠና፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማንስ እንዴት እንደረታው። ወንጌላዊ ሆኖ ሲመለስ፣ እሱ እየሰበከ የሚያንቀላፋ አልነበረም።

ክረምት ላይ አንድ ገበሬ ቤቱ ውስጥ እንዳለ መብረቅ መታውና ሞተ። በዚያ አገር መብረቅ የገደለውን ሰው፣ ቃልቻ መጥቶ በግ አርዶ ደሙን ደጃፉ ላይ ሳይረጭ የሚነካው የለም፤ የነካ ዘሩ ይጠፋል ይባላል። የሟቹ ሚስት ግን አማኝ ናትና ወንጌላዊውን አስጠራች። እሱ ቢነካው ሌላው ተከትሎ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል።

መጣና ግቢው ውስጥ ቆሞ አስተማረ። መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን አስረዳ፤ ፍርሃታቸውን ኋላ ቀርነት አለው፤ ስለ ሙታን ትንሣኤም አሳምሮ ሰበከ።

«ቃሉስ ደርሶናል፣ ጌታው» አለ አንድ ሽማግሌ። «አሁን እግርህን አንሳና ግባ።»

ሴትዮዋ ከደጃፉ ላይ እጇን ዘረጋችለት። «ና ግባ ወንድሜ። አንተ በራስጌው ያዝልኝ፣ እግሩን እኔ እይዛለሁ።»

ሰውዬው ወደ ጨለማው ቤት ተመለከተ። በልጅነቱ የሰማው ሁሉ መጣበትና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሊጸልይ ፈለገ፤ ለእንዲህ ያለው ቀን ምን ተብሎ እንደሚጸለይ ግን ያስተማረው የለም፤ በተማረበት ዘመን ሁሉ የመብረቅን ፍርሃት የጠቀሰ መምህርም አልነበረም። አፈረ። «እስቲ ሌሎች ወንድሞችን ልጥራ» ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

እስከ ማግስቱ ጠበቀችው። ሬሳው መሽተት ሲጀምር፣ በጉን ራሷ እየጎተተች ወደ ቃልቻው ሄደች።

አሮጊቷ ወደ ኃላፊው ዞሩ።

«ኮሌጃችሁ ያን ሰው ይመስላል፣ ልጄ። ፍርሃታችንን ግቢ ላይ ቆሞ ይሰድበዋል፤ ወደ ቤት ግን አይዘልቅም። ተማሪያችሁም ፍርሃቱን ይዞ ገብቶ፣ ፍርሃቱን እንደያዘ ይመረቃል። ይሮጣሉ አልክ። ማን ሮጠ? ሬሳችንን አስተኝተን፣ ደጃፍ ላይ ቆመን ስንጠብቃችሁ ነበር። አሁንማ የሚጠብቃችሁም የለ።»