ዝንጀሮና የጃርት መቃ

ድሮ ድሮ፣ አውሬ ሁሉ ከአንድ ምንጭ ጠጥቶ በአንድ ዳኛ በሚዳኝበት አገር፣ ዝንጀሮ ሐኪም ነበር። ሽንቱ የተዘጋበት አውሬ ሲመጣ ቀጭን መቃ ቆርጦ፣ በሽንት መውጫው አስገብቶ ያፈስለታል። መቃው ግን ሻካራ ስለሆነ ቢያድንም ያቆስላል። የጎሽ ታላቅ ወንድም በዚያ ቁስል ሞተ። ዝንጀሮ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ምን ላድርግ፣ መቃ መቃ ነው።»

የአገሩ ደንብ እንዲህ ነበር፤ አዲስ መድኃኒት ያገኘ፣ ሌላ አውሬ የተሻለ እስኪያገኝ ድረስ ከነልጆቹ ከምንጩ ቀድሞ ይጠጣል። ማንም የሚያውቀው ነገር ግን አዲስ አይባልም። ሌላው የሚጠጣው ከደፈረሰ በኋላ ነው፤ በድርቅ ጊዜማ ጭቃ ይልሳል። ዝንጀሮ በመቃው የተነሣ ስንት በጋ ንጹሑን ሲጠጣ ኖረ፣ ምላሱም ረዘመ።

አንድ በጋ ጎሽ ራሱ ሽንቱ ተዘጋበት። ወንድሙን አስታውሶ ወደ ዝንጀሮ መሄድ ፈራ። ይህን እመት ጃርት ሰማች። ልጆቿ ድፍርሱን እየጠጡ ሆዳቸውን የሚቆርጣቸው ምስኪን እናት ነበረች። መቃውን ስስ አንጀት አልብሳ፣ ተልባ ዘፍዝፋ በዝልግልጉ ውኃ ቀብታ አመጣችው። መቃው ሙልጭ ብሎ ገባ። ጎሽ «እፎይ!» አለ፤ ደም ጠብ አላለም።

ጃርት ከምንጩ ቀድሞ የመጠጣቱን መብት ስትጠይቅ ዝንጀሮ ዘሎ ተነሣ። «ይሄማ ምን ያቅታል! ማንም ያውቀዋል!»

ነገሩ ዋርካ ሥር፣ ዳኛው አባ ኤሊ ፊት ቀረበ።

«ጌታዬ፣ መቃው የኔ ነው» አለ ዝንጀሮ። «አንጀት ለስላሳ መሆኑን የማያውቅ አለ?»

«የለም» አሉ አውሬዎቹ።

«ተልባ እንደሚያዳልጥስ የማያውቅ?»

«የለም!»

«ታዲያ ሦስቱን መደራረብ ምን ያቅታል! ማንም ያውቀዋል!»

አውሬዎቹ እውነት መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጃርት ልጆቿን አይታ እንባዋ መጣ። «ጌታዬ፣ አሁን ሲያዩት ቀላል ነው። እኔ ግን ስንቱን ቅጠል፣ ስንቱን ቅባት ሞክሬ ነው» አለች። ዝንጀሮ በሐሳቡ የነገውን ንጹሕ ውኃ ይጎነጭ ጀመር።

አባ ኤሊ አንገቱን ቀስ አድርጎ አወጣ። «አያ ዝንጀሮ፣ ማንም ያውቀዋል ካልህ አንተም ታውቀው ነበር?»

«እንዴታ! ከሁሉ በፊት!»

«የጎሽ ወንድም በመቃህ ሲቆስልም ታውቀው ነበር?»

ዝንጀሮ ሊመልስ አፉን ሲከፍት፣ ከጀርባው ኮቴ መሬት ሲቧጥጥ ሰማ። ዞር ቢል የጎሽ ቀንድ ወደ እሱ ዝቅ ብሏል።

«ንገረኛ» አለ ጎሽ። «እያወቅህ ነው ወንድሜን የገደልኸው?»

«ኧረ በፈጠረህ! አላውቅም ነበር!» ብሎ ጮኸ ዝንጀሮ። «ከእመት ጃርት በቀር ማንም አያውቅም ነበር! ማንም!»

«እንግዲህ በአፍህ ፈረድህ» አለ አባ ኤሊ፤ አንገቱንም መለሰ።

በማግስቱ የጃርት ልጆች ንጹሑን ውኃ እስኪጠግቡ ጠጡ። ዝንጀሮ ከሁሉ ኋላ ተሰልፎ ጭቃ ላሰ። እንዲህ ያለውን ነው እንግዲህ፦ «ሲቸግር ዝም፣ ሲገኝ እኔም» የሚሉት።