ድንጋይ የታሰረለት ሙክት

ግራዝማች ወንዳፍራሽ ልጃቸውን ሲድሩ አንዱን ጭሰኛቸውን ሙክት እንዲጠብስ አዘዙት። ጭሰኛው ሙክቱን እንዳለ በረጅም እንጨት ሰክቶ ከፍም በላይ ቢያዞረው፣ አንዱ ጎን እየከበደ ተመልሶ ወደ እሳቱ ይገለበጥበታል። ስለዚህ በቀለለው ጎን ድንጋይ አሰረለትና ሚዛኑን አስተካከለ።

ግራዝማች ይህን ሲያዩ፣ «አንተ! በልጄ ሠርግ ድንጋይ ልታበላ ነው? ፍታው!» አሉ።

«ጌታዬ፣ ከተፈታ እኮ አንድ ጎኑ ብቻ...»

«ፍታ ብያለሁ!»

አጃቢዎቻቸውም «እውነትዎን ነው፣ እውነትዎን ነው» አሉ። ጭሰኛው ድንጋዩን ፈታው።

ሙክቱ ወርዶ ሲቆረጥ ግማሹ ከሰል፣ ግማሹ ጥሬ ሆኖ ተገኘ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ግራዝማች በኀፍረት ጅራፍ አስመጡና፣ «ይህን ሥጋ ማን አበላሸው? ተናገር!» አሉ።

ጭሰኛው «እኔ ነኝ» ቢል መገረፉ ነው፤ «እርስዎ ነዎት» ቢልም ከጅራፉ አያመልጥም። እጅ ነሥቶ ቀና አለ።

«ጥፋቱ የሙክቱ ነው፣ ጌታዬ። እርስዎ ሲያዙ እኛ ሁላችን እሺ አልን፤ እምቢ ያለው እሱ ብቻ ነው።»

ግራዝማች ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ጅራፉም ወደ ማንጠልጠያው ተመለሰ።