ጊዜውን የሚያውቀው በረኛ

ስሙኝማ። ብረት አፍ በነበረበት፣ ውኃም ሰው በሚመክርበት ዘመን፣ ሽብሩ የሚባል ሾፌር ነበር። ዘጠኝ ዓመት በሰው መኪና ረዳት ሆኖ፣ ጆንያ ላይ እየተኛ፣ አንዲት አሮጊት መኪና ገዛ። ከእሷ ሌላ ምንም አልነበረውም። ከሸዋሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ጣርማበርን ይወጣባታል።

በሞተሯ ውስጥ አንድ ትንሽ በረኛ ይኖር ነበር። ሰዎች ቴርሞስታት ይሉታል። ውኃው ቀዝቃዛ ሲሆን በሩን ይዘጋል፤ ሲግል ከፍቶ ወደ ራዲያተሩ ይሰደዋል። ውኃውም እዚያ በርዶ ይመለሳል።

ውኃው ግን በረኛውን ጠላው። "የወንዝ ልጅ ነኝ፤ ማን ነውና የሚያስቆመኝ?" አለ። ቀን በቀን እየላሰ አዛገው። አንድ ቀን የበረኛው ጉልበት ደረቀና በሩ እንደተዘጋ ቀረ። መኪናዋ አንድ ኩርባ ሳትጨርስ ውኃው ራሱ ፈላ።

በረድ ሲልለት ወደ ሽብሩ ጆሮ ተጠጋ።

"ሽብሩ፣ ወንድሜ፣ ይህን በረኛ አውጥተህ ጣለው። ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው። እኛ ፀሐይ ሞልቶናል።"

"እውነትም" አለ ሽብሩ። አወጣና ገደል ወረወረው።

በማግስቱ ጉሙ ውስጥ ሲወጡ ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"ሽብሩ፣ በረደኝ። ቤንዚን ጨምርልኝ" አለ ሞተሩ።

ጨመረለት።

"አሁንም በረደኝ።"

ጨመረለት። ሦስተኛ ሲጠይቅ ቤንዚኑ አልቋል። የጣርማበር ዋሻ ሳይደርሱ ቆሙ። አሮጌ ብረት የሚሰበስብ አንድ ቆራሌ ጆንያውን ተሸክሞ መጣ።

"ጋሼ፣ ለብረትነቷ ልውሰዳት?"

ሽብሩ "ነገም ካልወጣች ውሰዳት" አለው። ቁልቁል እያንሸራተተ ደብረ ሲና፣ ሽማግሌው መካኒክ ጋሽ ዘርጋው ዘንድ ወሰዳት። ጋሽ ዘርጋው የራዲያተሩን የላይኛውን የጎማ ቱቦ ፈትቶ አየ።

"በረኛህስ?"

"ጣልኩት።"

"ማን መክሮህ?"

"ውኃው።"

"ሌባ መጥቶ በርህን ንቀል ቢልህም ትነቅላለህ ማለት ነው።"

ጋሽ ዘርጋው አዲስ በረኛ አመጣ። በክር አንጠልጥሎ ውኃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ከተተው፤ ጣሳውን እሳት ላይ ጣደ። ውኃው ቀዝቅዞ ሳለ በረኛው አልከፈተም። ለብ ሲልም አልከፈተም። ሊፈላ ሲል ቀስ ብሎ ከፈተ።

"ይህ ሥራውን ያውቃል" አለና ገጠመው። ዝገቱን አጥቦ ንጹሕ ውኃ ሞላ። አዲሱም ውኃ ግን ያው ውኃ ነው።

ሲነጋ ሽብሩ ቤንዚን ቀዳና አቀበቱን ተያያዙት።

"ክፈትልኝ፤ የወንዝ ልጅ ነኝ" አለ ውኃው።

"ቀዝቃዛ ነህ።"

"ክፈትልኝ፤ ወዳጅ እሆንሃለሁ።"

"ለብ ብለሃል እንጂ አልጋልክም።"

"እባክህ፣ ተቃጠልኩ።"

"አሁን እለፍ።"

ውኃው ሮጦ ራዲያተሩ ደረሰ፤ በርዶ ተመለሰ።

"ሽብሩ፣ ተመቸኝ፤ ርገጠው" አለ ሞተሩ።

ሽብሩ ረገጠው። ውኃው የፈላበትን ኩርባ አለፈ። ቤንዚን ያለቀበትን ቦታ አለፈ። ዋሻው አፍ ላይ ቆራሌው ቆሞ ይጠብቃል። ሽብሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በመስኮቱ ብቅ አለ።

"ጆንያህን እጠፍ፣ ወንድሜ።"

ዘፈን የማያውቀው ሽብሩ ክላክሱን ሦስት ጊዜ ነፋ፤ ተራራው ሦስቴ መለሰለት።

የተዘጋ በር ያቃጥላል፣ የተነቀለ በር ያበርዳል፤ ጊዜውን የሚያውቅ በረኛ ተራራ ያሻግራል። ተረቴን መልሱልኝ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ሳይበርድ አትክፈቱ።