የካሜራው አፍ

ተጠጉ ልጆቼ፣ ተረት ልንገራችሁ። የሰማ ይያዝ፣ ያልሰማ ይጠይቅ፤ ያንቀላፋ ግን ነቅቶ «ከመጀመሪያው ጀምርልኝ» እንዳይለኝ።

ድሮ፣ እንስሳትም ዕቃዎችም እንደ ሰው በሚነጋገሩበት ዘመን፣ እመት ጦጢት የምትባል አንዲት ጦጣ ወንዝ ዳር ፎቶ ቤት ነበራት። በፎቶ ቤቷ አንድ ካሜራና ሦስት ሌንሶች ነበሩ። ሰፊዋ የሚሏት ሌንስ ሰርግ ታነሳለች፤ ሙሽራውን ከነሚዜው፣ ዘመዱን ከነጎረቤቱ ማንንም ሳታስቀር ታስገባለች። ጉርዱ የሚሉት ጉርድ ፎቶ ያነሳል፤ ከደረት በታች ያለውን ዓለም አያውቀውም። ረጅሙ ደግሞ ከወንዝ ማዶ ያለውን አቅርቦ ያመጣል፤ በዚህም ይኮራል።

አንድ ቀን ካሜራው ከእመት ጦጢት እጅ አምልጦ ድንጋይ ላይ ወደቀና ተሰበረ። ሌንሶቹ ተረፉ። እመት ጦጢት አዲስ ካሜራ ልትሠራ ያላትን ነሐስ አወጣች። መዘነች፣ ደግማ መዘነች።

«ለአንድ ካሜራና ለጥቂት ትርፍ ነገር ይበቃል» አለች። «ሌንሱ የሚገባበት የካሜራው አፍ ግን አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው፤ መመለሻ የለውም። ነገ ተሰብሰቡና እንምከር።»

ረጅሙ ይህን ሲሰማ ማረፍ አቃተው። ወደ ሰፊዋ ተንከባለለ።

«እትዬ ሰፊዋ፣ አፉ በእኛ ልክ ይቆረጥ በይ። ከሰፋ አዲስ ሌንስ ይመጣና አንቺ ሳጥን ውስጥ ትቀሪያለሽ።»

«እኔ? ሳጥን ውስጥ? በልካችን ይቆረጥ እንጂ!» አለች ሰፊዋ።

ወደ ጉርዱ ተንከባለለ።

«ወንድሜ ጉርዱ፣ አፉ በእኛ ልክ ይቆረጥ በል።»

«ማን ሊመጣ ነው የፈራኸው?»

«ማንም። ማንም እንዳይመጣ ነው።»



እመት ጦጢት አካሉን ሠርታ አፉን ብቻ ወዳስቀረችው አዲስ ካሜራ ተንከባለለ። «አንተስ? ጠባብ አፍ ይሻልሃል አይደል?» ገና አፍ ያልወጣለት ካሜራ ምን ይመልስ? ረጅሙ ተስማማ ብሎ ቆጠረው።

በማግስቱ ሁሉም ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ረጅሙ «በልካችን!» አለ። ሰፊዋ «በልካችን!» አለች። ደንበኞቹም፣ ፍየሉም አህያውም አውራ ዶሮውም፣ «በልካቸው!» አሉ። እመት ጦጢት ሞረዷን አነሳች።

ያኔ ከቅርንጫፉ ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እመት ጦጢት፣ እኔም ፎቶ እፈልጋለሁ።»

ቀና ሲሉ የሌሊት ወፏ እማማ ሌሊቴ ዓይኗን ከፀሐይ በክንፏ ከልላ፣ ተዘቅዝቃ ተንጠልጥላለች።

«መጀመሪያ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ከዚያ ፎቶ ትነሻለሽ!» አለ አውራ ዶሮው። ሁሉም ሳቁ።

«ለእኔ አይደለም፤ ለልጄ ነው» አለች እማማ ሌሊቴ። «የእኛ ልጆች ክረምቱ ሲወጣ ይበራሉ፤ አንዴ ከበረሩ አይመለሱም። ስንቱን ወልጄ ሸኘሁ፣ የአንዳቸውም ፎቶ የለኝም። የዘንድሮውን ክንፉ ሳይጠነክር አንሺልኝ።»

«አምጪውና ላንሳው።»

«ፀሐዩ ዓይኑን ያመዋል። ዋሻችን ድረስ መምጣት ነው እንጂ።»

እመት ጦጢት ራሷን አከከች። «ለዋሻ ጨለማ ትልቅ መስታወት ያለው ሌንስ ያስፈልጋል። ትልቅ መስታወት ደግሞ ሰፊ አፍ ይፈልጋል።»

«ይኸው! አላልኳችሁም?» ብሎ ጮኸ ረጅሙ።

ይሄኔ ጉርዱ ተናገረ። «አፉ ቢሰፋ ለእኔ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ይሠራልኛል፣ በቀለበቱ እገባለሁ። አፉ ቢጠብ ግን ትልቁ መስታወት በምን ይገባል? በልመና?»

እመት ጦጢት አሰበች። አንድ ጊዜ በቆሎ ልትሰርቅ ጠባብ አፍ ያለው ቅል ውስጥ እጇ ተይዞ ያደረችበትን ሌሊት አስታወሰች። «ይስፋ» አለችና ቆረጠችው።

«እሺ ይስፋ» አለ ረጅሙ። «ግን ቅድሚያ ለነባር! መጀመሪያ የእኛ ቀለበት፣ ከዚያ የእሷ ሌንስ።» ይህ ለሁሉም ትክክለኛ ፍርድ መሰላቸው። ለእመት ጦጢትም መሰላት፤ ደንበኞቿ ደጅ ቆመዋልና።

እማማ ሌሊቴ መጣች። «ደረሰልኝ? ልጄ ክንፉን ዘረጋ።»

«ትንሽ ታገሺኝ። የፍየሎች ሰርግ ደርሷል፤ የሰፊዋን ቀለበት እየሠራሁ ነው።»

እማማ ሌሊቴ መጣች። «ደረሰልኝ? ልጄ ከግድግዳ ግድግዳ በረረ።»

«ትንሽ ታገሺኝ። አህዮች መታወቂያ ሊያወጡ አስቸኩለውኛል፤ የጉርዱን እየሠራሁ ነው።»

እማማ ሌሊቴ መጣች። «ደረሰልኝ? ልጄ ዋሻውን ዞረ።»

«የረጅሙ ብቻ ቀረኝ።»

እማማ ሌሊቴ ወደ ዋሻዋ ተመለሰች።

የረጅሙ ቀለበት ባለቀበት ዕለት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እመት ጦጢት ረጅሙን ካሜራው ላይ ገጥማ በመስኮት ትሞክረው ነበር። ድንገት ረጅሙ ጮኸ።

«እመት ጦጢት! የእማማ ሌሊቴ ልጅ! ከዋሻው ወጣ፣ መሄዱ ነው! አንሺው! ቶሎ አንሺው!»

አነሳችው። ፊልሙ ታጠበ፣ ፎቶው ወጣ። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው።

«እኔኮ አየሁት» አለ ረጅሙ። «አንዴ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። አየሁት እኮ።»

እማማ ሌሊቴ ስትመጣ ያንን ፎቶ ሊሰጧት አፈሩ። እሷ ግን ተቀበለቻቸው።

«እዚህ ውስጥ አለ?»

«አለ፤ ግን አይታይም።»

«እኔ ጨለማ ለምጃለሁ» አለች፤ ክንፏ ሥር ሸጉጣው ሄደች።

እመት ጦጢት የተረፈውን ነሐስ መዘነች። ቀለበቶቹ ጨርሰውታል፤ ለትልቁ መስታወት ማቀፊያ የሚሆን አልቀረም። ረጅሙ ከፊቱ ላይ የማያወልቀው፣ ፀሐይ የሚከልልለት የነሐስ ቆብ ነበረው።

«ቆቤን አቅልጪው» አለ።

«ፀሐይ ዓይንህ ውስጥ ይገባል እኮ።»

«ይግባ። በእጅሽ ትከልይልኛለሽ።»

ቆቡ ቀለጠ፣ ትልቁ ሌንስ አለቀ። እመት ጦጢት እማማ ሌሊቴን አስጠራቻት፤ ስትመጣ ግን ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

«ዘገየሁብሽ» አለች።

«አዎ፣ ዘገየሽ» አለች እማማ ሌሊቴ። «የእኔማ ሄደ። የጎረቤቴ ልጅ ግን ነገ ነው የሚበረው። እናቱ ፀጉሩን አበጥራ እየጠበቀችሽ ነው። ያዢው ካሜራሽን፣ እንሂድ።»

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። እናንተም ሥራ ስትጀምሩ በሩን ገና ላልመጣውም እንግዳ አስባችሁ ቁረጡት። ሰፊ በር ከፍቶ ደጅ ማስጠናት ግን ከማጥበብ አይለይም።