የሃምሳ አለቃው ግራ ታኮ

አንድ ጫማ ሰፊ ነበረ። ጥያቄሽን ረስቼ አይደለም ልጄ። አዲስ የተሾምሽበት መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤቱን ሃያ ስድስት ዓመት የያዘ ሰው አለ፤ አንቺ አሠራሩን ካስተካከልሽለት ወዲህ ግራ ተጋብቶ «ያለ ጊዜዬም ቢሆን ጡረታ ልውጣ» ማለት ጀምሯል፤ ልልቀቀው ወይስ ላቆየው ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። እመልስልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን ጫማ ሰፊ እወቂው።

ስሙ ላቀው ይባላል። ሱቁ መናኸሪያው አጥር ጥግ ነበረች፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚያወራባት የቆርቆሮ ሱቅ። ሙያውን የሚያውቁ ከሌላ ከተማ ድረስ ጫማ ይልኩለት ነበር። አንድ ነገር ብቻ አይችልም፤ ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ። ሰው ቤት ገብቶ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ዘመም ብሎ ካየ ሰላምታውን ሳይጨርስ ሄዶ ያቃናዋል። ይታይሽ የምትባለው ሚስቱ «ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ ምንጣፍ ያስተካክላል» እያለች ትስቅበታለች። እውነቷን ነው፤ አንዴ አስተካክሏል፣ ያውም ለቀስተኛ አስነሥቶ።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ወታደር ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ከሠራዊቱ ከተሰናበቱ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሰፈሩ ግን አሁንም ሃምሳ አለቃ ነው የሚላቸው። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ያመጡትን አውጥተው ፊቱ አስቀመጡለት። ከስክስ ጫማ ነው፤ የድሮው፣ ያ ወፍራሙ፣ አንገቱ ከቁርጭምጭሚት አልፎ የሚወጣው። ሻጋታ ወርሶታል፤ ማሰሪያውን አይጥ በልቶታል። ላቀው አንዱን አንሥቶ በጣቱ ቢያንኳኳው እንደ በር ጮኸ።

ጉዳያቸውን ነገሩት። የልጅ ልጃቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ ታገባለች። አባቷ በሕይወት ስለሌለ ከጓዳ አውጥተው እስከ ዳሱ፣ ከዳሱም እስከ ሙሽራው መኪና የሚያደርሷት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ታዲያ አንድ ነገር ለምናቸዋለች፤ ያን ቀን ከዘራ እንዳይዙ፣ በሁለት እጃቸው እሷን እንዲይዟት። እሳቸውም እሺ ብለዋታል።

«በሌላ ጫማ እንጃ፤ በዚህ ስሄድ ግን ተደናቅፌ አላውቅም» አሉት። «አንተ ብቻ ነፍስ ዝራበት።»

ላቀው ፈገግ አለ። አዛውንት ሁሉ የወጣትነት ዕቃውን እንዲህ ያሞግሳል ብሎ አለፈው።

ሥራው ግን የሚያስቀና ነበር። ሻጋታውን ረጠብ ባለ ጨርቅ ጠረገና ጥላ ላይ አደረቀው። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ፣ ፀሐይ ላይ ብታሰጣው በግማሽ ቀን ያልቅልሃል ቢለው፣ አንተ ራስህ ፀሐይ ላይ ተሰጣ ብሎ መለሰለት። ሞራና ሰም አንድ ላይ አቅልጦ በመዳፉ እያሸ፣ ቆዳው በቀን ሊጠጣ ከሚችለው በላይ ሳያጠጣው፣ ስምንት ቀን አስታመመው። በዘጠነኛው ቀን የጫማውን አፍንጫ ሲያጥፈው ሳይሰነጠቅ ታጠፈለት። ያን ጊዜ ደስታው ቢበዛበት ያንኑ ልብስ ሰፊ ጠርቶ አስነካው። የበሰበሰውን ክር ፈትቶ በድሮው ቀዳዳ ብቻ መልሶ ሰፋው፤ አንድ አዲስ ቀዳዳ አልበሳም።

ከዚያ ገለበጠው። የግራው ታኮ ከቀኙ በአንድ ጣት ይወፍራል። ሲመረምረው ከሥሩ አራት ቁራጭ ቆዳ ተደራርቦ ተመትቷል፤ በቢላ የተቆረጠ፣ ምስማሩ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። ላቀው ተናደደ። እንዲህ ያለ ጫማ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ የሠራው ማን ይሆን እያለ በጉጠት አንድ በአንድ ነቀላቸውና ቁርጥራጭ ማጠራቀሚያው ሳጥን ውስጥ ጣላቸው። ሁለቱን ታኮዎች ሞርዶ አስተካከለ። መስታወት ላይ ሲያቆማቸው ከታኮአቸው ሥር ወረቀት አያስገቡም። ቀለም ቀባ፣ አዲስ ማሰሪያ አገባ፤ የመናኸሪያው ነጋዴ ሁሉ እየመጣ አየለት።

ሐሙስ ዕለት ሃምሳ አለቃው መጡ። ጫማውን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ተቀምጠው አደረጉት፤ ከዘራቸውን ለላቀው ሰጥተው ቀጥ ብለው ተነሡ። ሦስት እርምጃ ሄዱ። በአራተኛው ወደ ግራ ዘመሙና የጎረቤቷ ነጋዴ የፕላስቲክ ሳፋ ክምር ላይ ዘጭ አሉ። ሳፋው እየተንከባለለ መንገድ ገባ፤ ሚኒባሱ ጥሩንባ ነፋ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ሁለተኛ ሞከሩ። በሦስተኛው ግድግዳ ይዘው ነው የተረፉት። ያን ጊዜ የሚስቅ ጠፋ።

ሃምሳ አለቃው ተቀመጡና ጫማውን ራሳቸው አወለቁ።

«ጫማው ድኗል፤ እጅህ ይባረክ» አሉ። «ያረጀሁት እኔ ነኝ። ልጅቷን አጎቷ ያድርሳት።»

ከዘራቸውን ተቀብለው ሄዱ። ጫማውን እዚያው ትተውት ነው የሄዱት። ላቀው ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ምሳ ላይ ለይታይሽ ሁሉንም ነገራት፤ መስታወቱንም ሳይቀር። እሷም መብላቷን ትታ አየችው።

«ለመሆኑ ሰውየው ሲሄዱ አይተሃቸው ታውቃለህ?»

«ጫማውን ሦስት ሳምንት ሙሉ አየሁት» አላት።

«እኔ የጠየቅሁህ እግራቸውን ነው።»

ሃምሳ አለቃው ሱቁ ሲገቡ የላቀው ዓይን ከረጢቱ ላይ ነበር፤ ሲወጡም ጫማው ላይ። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ ሱቁ ተመለሰና ሳጥኑን ገለበጠው። ደግነቱ ቁራጭ ቆዳ አይጥልም። አራቱንም አገኛቸውና ኪሱ ከተታቸው።

አርብ ጠዋት ሃምሳ አለቃው ቤት ሄደ። ለዳሱ ተብሎ ግቢው ተደልድሎ ውሃ ተረጭቶበታል፤ አፈሩ ገና ለስላሳ ነው። ላቀው ባዶ እግራቸውን፣ ያለ ከዘራ፣ ከዚህ እስከዚያ እንዲሄዱለት ለመናቸው። እሱ ከጎናቸው ክንዱን ዘርግቶ ተከተላቸው። ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ሥራቸውን አቁመው አዩዋቸው፤ አንዷ ይህ ደግሞ የምን መድኃኒት ነው ብላ ጠየቀች። ላቀው አልሰማትም፤ ተንበርክኮ ዱካውን እያየ ነበር። ቀኙ ሙሉ እግር ነው። የግራው ጣቶቹ ብቻ ጠልቀዋል፤ ተረከዙ አፈሩን ለመንካት ያህል ነው የነካው። የግራ እግራቸው በአንድ ጣት ያጥራል።

ቁራጮቹን ከኪሱ አውጥቶ በግራ ተረከዛቸው ሥር አንድ በአንድ አስገባ። አራተኛው ሲገባ ትከሻቸው ተስተካከለ። ላቀው የሚደግፋቸውን ክንዱን ሰበሰበ፤ ቀጥ ብለው ቆሙ።

እግራቸው ምን ሆኖ እንደነበር ቢጠይቃቸው ነገሩት። በወጣትነታቸው የተሳፈሩበት ካሚዮን ተገልብጦ ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ከሆስፒታል ወጥተው ወደ ጦሩ ሲመለሱ ያነክሱ ነበር። አንድ ቀን የክፍሉ ጫማ ሰፊ፣ ቃል የማይወጣው ሰው፣ የሰልፉን ሜዳ ሲያቋርጡ ቆሞ አያቸውና ጫማዎን ይስጡኝ አላቸው። በማግስቱ መለሰላቸው። «በሉ አሁን ይሂዱበት» ብቻ ነው ያለው።

«እኔማ ቀለም የቀባልኝ መስሎኝ ነበር» አሉ ሃምሳ አለቃው። «ሲያሰናብቱኝ በክብር ሳጥን ውስጥ አኖርኩት። በዚያው ዓመት ከዘራ ያዝኩ። ሰው ሁሉ እርጅና ነው አለኝ፤ እኔም አመንኩ። የዚያን ሰው ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።»

ይህን ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ሊሄድ ብሎ ተመለሰ።

ላቀው ሱቁ ተመልሶ አራቱን ቁራጭ በድሮው ቀዳዳቸው መልሶ መታቸው። ጫፋቸውን አላስተካከለም፤ እጁ ሊሞርደው እየፈለገ ከለከለው። እሑድ ሃምሳ አለቃው የልጅ ልጃቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከጓዳ ወጡ፤ እስከ ዳሱ፣ ከዳሱም እስከ መኪናው አደረሷት፤ ሲመለሱም ጨፈሩ። የሳፋ ነጋዴዋ ተጠርታ ነበርና ወደ እሷ እየጨፈሩ ሲመጡ ስታይ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። አንድ እንግዳ ወደ ላቀው ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ሥራህስ ግሩም ነው፤ ግራ ታኮው ግን ትንሽ አልወፈረብህም?» አለው።

ላቀው፣ ያ ለቅሶ ቤት ምንጣፍ የሚያስተካክለው ሰው፣ «ወፍሯል» አለና መብላቱን ቀጠለ።

እንግዲህ ልጄ፣ ላቀው አንቺ ነሽ። ክፋት የለብሽም፤ ሙያም አላነሰሽም። ሰውየው ፋይሎቹን በቀይና በአረንጓዴ ክር ያስር ነበር ብለሽኛል፤ አንቺ ክሩን ፈትተሽ በቁጥር ደረደርሽለት። ያማረ ሥራ ነው፤ እኔም ብመጣ አይቼ አደንቅ ነበር። ግን አንድ ፋይል በራሱ መንገድ ፈልጎ ሲያወጣ አንድ ቀን ቆመሽ አይተሽዋል? ምናልባት ዓይኑ ቁጥር አይለይለት ይሆናል። ምናልባት ያን ክር ከአንቺ በፊት የነበረ አንድ አስተዋይ ሰው አስጀምሮት ይሆናል። እኔ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። እሱም ላያውቅ ይችላል፤ ለዚህ ነው አርጅቻለሁ የሚልሽ። ሃምሳ አለቃውም ይህንኑ ነበር ያሉት።

ስለዚህ ነገ የጡረታውን ነገር አታንሺበት። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ወንበር ስበሽ ተቀመጪና እስከ ምሳ ሰዓት እንደ ድሮው ሲሠራ እዪው። አንድ ነገር ብቻ አሁኑኑ ንገሪኝ፤ ክሮቹን አልጣልሻቸውም አይደል?