የአቶ እንግዳሸት ሁለት ደብዳቤ

ሰው ሁሉ እንደ ዋዛ ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። ሌላው አገር ከየት እንዳመጣት አላውቅም፤ እኛ ወረዳ ግን ስትነሣ የአቶ እንግዳሸት ጓንጉል ስም አብሮ ይነሣል።

አቶ እንግዳሸት በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። ጠዋት ለከሳሹ ክስ ይጽፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ለዚያው ክስ የተከሳሹን መልስ ይጽፋሉ። ዳኛው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተው፣ «ይህ ሰው ከራሱ ጋር ነው እንዴ የሚሟገተው?» እያሉ ይስቁ ነበር። አቶ እንግዳሸት ግን የረታውንም የተረታውንም አንጀት የሚያርስ ቃል አጥተው አያውቁም።

በንጉሡ ዘመን የሕዝብ እንደራሴ ምርጫ ሲመጣ ታዲያ ተወዳደሩ። በወረዳው ሁለት ትልልቅ መንደሮች ነበሩ፤ ላይ አምባና ታች አምባ፣ መካከላቸው ገደል። ሐኪም ያለበት ከተማ የሁለት ቀን መንገድ ነው። በዚያው ክረምት የታች አምባዋ የእመት አንጓች ልጅ ምጥ ይዟት፣ ቃሬዛ ላይ እንዳለች መንገድ ላይ ስላረፈች ወሬው ሁሉ ስለ ክሊኒክ ሆኗል።

አቶ እንግዳሸት ላይ አምባ ወጡና፣ «ክሊኒኩ እዚሁ ይሠራል፤ ታች አምባዎች ሽቅብ ይውጡ!» አሉ። ተጨበጨበላቸው። በማግስቱ ታች አምባ ወርደው፣ «ክሊኒኩ እዚሁ ይሠራል፤ ላይ አምባዎች ቁልቁል ይውረዱ!» አሉ። እልልታው ቀለጠ። እመት አንጓች ግን ወደ ፊት ቀርበው፣ «ቦታውን እኔ ከጓሮዬ እሰጣለሁ። አንቱ ብቻ ቃልዎን እንዳያጥፉ» አሏቸው።

«ምን ሲደረግ!» አሉ አቶ እንግዳሸት፣ ደረታቸውን እየመቱ።

ተመረጡ። አዲስ አበባ ገብተውም በምክር ቤቱ ለሚደግፈውም ለሚቃወመውም በእሺታ ራሳቸውን እየነቀነቁ አራት ዓመት ኖሩ። «ጠላት የሌለው ሰው» ተባሉና ምክትል ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ይህ ሲሰማ ሁለቱም መንደሮች በየፊናቸው ለክሊኒኩ ድንጋይ ፈልጠው ከመሩ።

ገንዘቡ የተፈቀደው ግን ለአንድ ክሊኒክ ነው። የሁለቱም መንደር ሽማግሌዎች በየተራቸው ቢሯቸው ድረስ ሄዱ። አቶ እንግዳሸትም ለሁለቱም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሰጡና፣ «እስከ ቀኑ ድረስ ለማንም እንዳታሳዩ» ብለው ሸኟቸው።

የመሠረቱን ድንጋይ ሊያኖሩ ሚኒስትሩ ራሳቸው መጡ፤ አቶ እንግዳሸትም አጠገባቸው ተቀምጠዋል። መኪናው መንታ መንገዱ ላይ ሲደርስ ላይ አምባ በቀኝ፣ ታች አምባ በግራ፣ ከበሮ እየመቱ ይጠብቃሉ። ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም ወገን ደብዳቤያቸውን ዘረጉ። ሚኒስትሩ ወርደው አንዱን አነበቡ፤ ሌላውን አነበቡ። ከበሮው ዝም አለ።

«ፊርማው የማን ነው?»

«የእኔው ነው፣ ክቡርነትዎ» አሉ አቶ እንግዳሸት፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

«ትክክለኛው የትኛው ነው?»

«እንግዲህ… ከላይ ለሚያየው የላዩ፣ ከታች ለሚያየው የታቹ ነው።»

ሚኒስትሩ አልሳቁም። ሁለቱንም ደብዳቤ ኪሳቸው ከተው፣ መኪናቸው ውስጥ ገብተው፣ ምክትላቸውን እዚያው ትተው ተመለሱ። ክሊኒኩ ለጎረቤት ወረዳ መሰጠቱን፣ አቶ እንግዳሸትም ከሹመታቸው መሻራቸውን የሰማነው በሳምንቱ ነው።

በዚያች ሰዓት ግን አቶ እንግዳሸት አቧራው መሃል ቆመው፣ «እኔ እኮ ሁለታችሁንም እንዳላስቀይም ብዬ ነው!» ይላሉ። ወደ ቀኝ ሲሄዱ ላይ አምባዎች ጀርባቸውን ሰጧቸው። ወደ ግራ ሲዞሩ ታች አምባዎች ከበሯቸውን አንግተው መንገድ ጀምረዋል። ያልሄዱት እመት አንጓች ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ጠጋ ብለው፣ አንቱታውን ትተው፣ «አይ አንተ ልጅ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሉት።