አያ ጅቦ በራሱ ላይ የዘጋው ራውተር

አንድ ጊዜ ንጉሥ አንበሳ አገሩን ሊያዘምን ቆርጦ ተነሣና ከሩቁ ተራራ ጫፍ ላይ አንድ ራውተር አስተከለ። እንስሳት ሁሉ በስልክ የሚገናኙት በዚህ መሣሪያ በኩል ሆነ። መልእክተኛ በእግር መላክም ኋላ ቀርነት ነው ተብሎ ታገደ። የራውተሩ ኃላፊ አያ ጅቦ ነበር። የተመረጠው በድምፁ ጉልበት ነው፤ እውቀቱ ከሹመቱ በኋላ ቀስ ብሎ ይደርሳል ተብሎ ታመነ።

የንጉሡ ሴት ልጅ የሠርግ ቀን ደረሰ። ሰንጋ ታርዷል፣ ዳስ ተጥሏል። ሙሽራው ከነአጃቢዎቹ ከወንዙ ማዶ ሆኖ «ና» የሚል የስልክ ጥሪ ይጠብቃል። ሳይጠሩት መምጣት ነውር ነው።

አያ ጅቦ ግን ዘመዶቹ የሥጋውን ወሬ በስልክ ሰምተው እንዳይጎርፉበት ሰግቷል። ስልኩን አውጥቶ ሲጎረጉር እመት ቀበሮ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ምን ልታዝዘው ነው፣ አያ ጅቦ?»

«ሁለት ነገር። መጀመሪያ ‹ለሁሉም ዝጋ›፣ ቀጥሎ ‹ለእኔ ክፈት›።»

«በዚሁ ተራ?»

«ታዲያ ሌባ ደጅ ቆሞ በር ይከፈታል?»

«ለሁሉም ከዘጋ ሁለተኛውን ቃልህን በየት በኩል ይሰማሃል? መጀመሪያ ለራስህ ክፈት። ደግሞ ከመነካካትህ በፊት ‹ከዘጋህ በኋላ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ድምፄን ካልሰማህ ወደ ቀድሞ ነገርህ ተመለስ› በለው። ተራራው ሩቅ ነው።»

«እኔ ስሳሳት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ዛሬ? ገና እኮ ረፋድ ነው።»

በዚህ መሃል የሥጋ ሽታ መጣና አያ ጅቦ ስልኩን ጥሎ ሊያሸት ሄደ። እመት ቀበሮም ስልኩን ብድግ አድርጋ ያን የመመለሻ ትእዛዝ ላከችና ስልኩን ካነሣችበት መልሳ አኖረችው።

አያ ጅቦ ተመልሶ «ለሁሉም ዝጋ» አለ። ራውተሩ ታዛዥ ነውና ዘጋ። «ለእኔ ክፈት» አለ። ዝም። ስልኩን አራገፈው፣ ጮኸበት፣ በመጨረሻም ላሰው። ዝም።

ንጉሡ ከዳሱ ወጣ። «ስልኩ ለምን አይሠራም? ሙሽራውን መጥራት አቃተን እኮ።»

«ንጉሥ ሆይ፣ ኔትወርኩ እጅግ አስተማማኝ ሆኗል። ማንም አይገባበትም።»

«አንተስ?»

«እኔም ጭምር።»

«እንግዲያው ተራራውን ውጣና በእጅህ ክፈተው። ልጄ ዛሬ ሳትዳር ከቀረች ግን እዚያው ቅር።»

አያ ጅቦ ዳሱን ዞር ዞር ብሎ እያየ፣ ምራቁን እየዋጠ ሄደ። የተራራው ወገብ ላይ ሳለ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ራውተሩም የተነገረውን አስታውሶ ወደ ቀድሞ ነገሩ ተመለሰ። ስልኮች ተንጫጩ፤ ሙሽራው ተጠራ፤ ከበሮው ቀለጠ።

«ማን ከፈተው?» አለ ንጉሡ።

እመት ቀበሮ ያደረገችውን ነገረችው።

«ጎበዝ። በይ ጅቡን ደውለሽ መልሺው።»

«ንጉሥ ሆይ፣ ሥጋውን አይተውታል?»

ንጉሡ ሥጋውን አየና «ይቆይ» ብሎ ወደ ዳሱ ገባ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ አያ ጅቦ ከተራራው ጫፍ ሆኖ እያለከለከ ደወለ። «ንጉሥ ሆይ፣ ከፈትኩት።» ስለ ትጋቱም ሹመቱ ጸናለት፤ አጥንት ግን አልተረፈለትም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሩቅ ያለን በር ከመዝጋታችን በፊት ለራሳችን መመለሻ ማበጀት እንዳለብን፣ ይህ ካልሆነልን ደግሞ ቢያንስ ምሳ በልቶ መዝጋት እንደሚሻል ነው።